እትዬ ጥሩወርቅ እና የግጥም እድራችን

እትዬ ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የነገረችኝ አንዲት የምታለቅስ ቢጫ ፊት ናት። ጠዋት ሥራ ቦታ ቴሌግራም ስከፍት ናቲ «እትዬ አረፉ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ያቺን ፊት ለጥፏል። ሌሎቹም ተከታትለዋል፤ ቢጫ ፊት፣ ቢጫ ፊት፣ የተሰበረ ልብ፣ ደግሞ ቢጫ ፊት። ከማልቀሴ በፊት ተናደድኩ። እኚህ ሴትዮ ይህን ያህል ዘመን «ፊት መለጠፍ መድረስ አይደለም» እያሉ ሲጨቀጭቁን ኖረው፣ በገዛ ሞታቸው ቢጫ ፊት! ስልኬን አፌ ላይ ደቅኜ «ምነው፣ አፍ የላችሁም እንዴ? አፍ አውጥታችሁ አልቅሱላቸው እንጂ!» ብዬ በድምፅ ላክሁ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደግፌ፣ ደንበኛ መታወቂያውን ይዞ እየጠበቀኝ፣ ዘረገፍኩት።

ለማያውቃቸው ላስተዋውቅ። እትዬ ጥሩወርቅ ገርጂ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ሰብሳቢ ነበሩ። አጠር፣ ደንደን ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ መነጽራቸው በክር ደረታቸው ላይ የሚንጠለጠል፣ ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። ድምፅ ሲቀዱ ስልኩን እንደ ዳቦ ሊገምጡት አፋቸው ላይ አጋድመው ይይዙታል፤ ከመናገራቸው በፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ረጅም «እህህም» አለ። ያ «እህህም» ሲመጣ የግሩፑ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ በበኩሌ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜም ቀጥ ብያለሁ።

ግሩፑን የከፈተው ናቲ ነው። ናቲ የሰሚት ልጅ ነው፤ ባንክ ይሠራል፤ ከሦስት ቃል አንዱ እንግሊዝኛ ነው። «ጀማሪ ገጣሚዎች» ብሎ ከፈተው፤ እኛም ገባን። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ግሩፑ ገበያ ነበር። ሁሉም የራሱን ግጥም ጥሎ ይሄዳል፣ የሰው የሚያነብ የለም። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ስለ ሞተች እህቷ ጽፋ ለጠፈች። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው ምንም አላላትም። በማግስቱ እትዬን የልጅ ልጃቸው አስገብታቸው ኖሮ፣ አንድ የማናውቀው ድምፅ መጣ።

«እህህም። ጤና ይስጥልኝ። ጥሩወርቅ እባላለሁ፣ ከገርጂ ነኝ። ይቺ ልጅ ትናንት ሐዘኗን አምጥታ እዚህ አስቀምጣለች። እስካሁን ማንም ደጇ አልደረሰም። ምን ዓይነት ሰፈር ነው ይሄ? ሰው አይኖርበትም?»

ናቲ «ኖ እማማ፣ ዩ ኖው፣ ሰው ቢዚ ሆኖ ነው» ብሎ መለሰላቸው።

«ቢዚ? እኔ ሰፈር ሰው ቢዚ ሆኖ ከቀብር ቀርቶ አያውቅም። ከቀረም ይቀጣል።»

በሳምንቱ የግሩፑ ስም ተቀይሮ አገኘነው፦ የግጥም እድር። ናቲን እንዴት አድርገው እንዳሳመኑት እስከ ዛሬ አይናገርም። ሕጉ አጭር ነበር። ግጥም ከተለጠፈ አባል ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደርሳል። መድረስ ማለት በድምፅ ነው፣ ወይም ቢያንስ በቃል ነው፤ «ዋው» አይቆጠርም፣ ፊት አይቆጠርም። የትኛው ቦታ ላይ እንደቆምክ ትናገራለህ። ያልደረሰ ሰው ላልደረሰበት አባል አራት መስመር ግጥም ጽፎ ያቀርባል፤ ቅጣቱ ያ ነው። የሚፈቀዱ ምክንያቶች ሕመም፣ ወሊድና መብራት መጥፋት ናቸው። ኔትዎርክ ብዙ ክርክር አስነስቶ በመጨረሻ ተፈቀደ።

እኔ መጀመሪያ የለጠፍኩት ስለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ማታ ስከፍተው እትዬ ደርሰውኛል። «እህህም። ሰናይት፣ ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ይሞቃል ያልሽው ላይ ቆምኩ። እጄን ሞቀኝ። መጨረሻው ላይ አገር ምናምን ያልሽውን አላመንኩሽም፤ አገሩን ተይውና ወረቀቱን ያዢ።» ከልጅነቴ ጀምሮ ስጽፍ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። «ጎበዝ» ብለውኝ ያውቃሉ፤ «እጄን ሞቀኝ» ያለኝ ግን የለም። ያን ቀን የእሳቸው አባል ሆንኩ።

የሚገርመው፣ እሳቸው ራሳቸው ግጥም አይችሉም። አይችሉም ስል በትህትና አይደለም፤ ጨርሶ! በየሳምንቱ ግን ይለጥፋሉ፤ እኛም በሕጉ መሠረት መድረስ አለብን። አንዱን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

ፀሐይ ስትወጣ ደስ ይለኛል፣
ዝናብም ሲዘንብ ደስ ይለኛል፣
ሁለቱም ከቀሩ ይከፋኛል።

ናቲ ቀኑን ሙሉ አስቦ አስቦ «እትዬ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ» አላቸው። እሳቸውም ከት ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው በድምፅ መጣ። «አንተ ውሸታም! መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኔ እንዲህ እየጻፍኩ ካላፈርኩ፣ እናንተ ምን ያሳፍራችኋል?» አሉ። እውነትም ከእሳቸው በኋላ ለመለጠፍ የፈራ ሰው አላየሁም።

ሌላው ሕጋቸው አድራሻ ነው። «ቤቱን የማላውቀው አባል የለኝም» ብለው አንድ በአንድ ጠየቁን። አብዛኞቻችን በአካል ተያይተን አናውቅም፤ ስማችን እንኳ የቴሌግራም ስም ነው። እኔ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ብሎኩን፣ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ነገርኳቸው። ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅሁም። ወይ አለመጠየቅ!

ባሌ ካሳሁን ሾፌር ነው፣ የጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ይነዳል። የሾፌር ሚስት የሆነች ታውቀዋለች፤ ስልክ ካልተነሳ ሆድሽ ውስጥ አንድ ነገር ቁጭ ይላል። ያን ሰሞን ሊገባ ከሚገባው ቀን አለፈ፤ ስልኩ አይሠራም። ዓርብ ከሥራ ገብቼ ቤቱን ልጠርግ መጥረጊያ አነሳሁና ቆሜ ቀረሁ። ቢሞትስ? አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የሞተ አስመስዬ፣ ሙሾ አድርጌ፣ ከላዩ «ለካሳሁን፣ ለባለቤቴ» ብዬ ለጠፍኩት። ፍርሃቱ ከሆዴ ወጥቶ እዚያ ላይ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው። ወዲያው መብራት ጠፋ፣ የስልኬም ባትሪ አብሮ ሞተ። ቅዳሜ ሙሉ መብራት አልመጣም፤ እኔም ከቤት አልወጣሁም።

ለካ ቅዳሜ ሙሉ ስልኬ ሲደወልለት ውሏል። ዝግ ነው። እትዬ ግጥሙን ደጋግመው አስነበቡት፤ አለቀሱ፤ ከዚያ «እህህም» ብለው ጥሩምባውን ነፉ። «ቤተሰብ፣ የሰናይት ባል አርፏል። ስልኳን ዘግታለች፣ እንግዲህ ምን ታድርግ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያት እንገናኝ። ነጠላ ይዛችሁ፣ ውሃና ዳቦ አስይዛችሁ። የሚቀር እንዳይኖር።»

እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ከጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ፣ የብሎካችን ደረጃ በሰው ተሞልቷል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ የታሸገ ውሃ የተሸከሙ ወንዶች። ከጎረቤት አንድ ሰው ሞቷል ብዬ እኔም ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ከኋላ ተከተልኳቸው። ከፊቴ ያሉት ሰዎች እየተንሾካሾኩ ይተዋወቃሉ። አንድ ጢማም፣ ግዙፍ ሰውዬ «ብቸኛዋ ጨረቃ እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁና ግራ ገባኝ፤ በግሩፑ ውስጥ በዚያ ስም የምትጽፈውን ሴት ነበር የማውቀው። አጠገቤ ያለችውን ሴት «ማን ነው ያረፈው?» አልኳት።

«የሰናይት ባል። ሾፌር ነበር አሉ፣ ምስኪን።»

ሽንኩርቱ ደረጃው ላይ ተበተነ። ግጥሜን ረሳሁት፤ እመኑኝ፣ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። መርዶ ነጋሪዎች ቤቴ ድረስ መጥተዋል፣ ቀድመውኝ አውቀዋል፣ አበቃ አልኩ። «ካስዬ!» ብዬ ጮህኩ። ደረቴን እየመታሁ ሰዉን ገፍቼ ወደ ላይ ሮጥኩ። እነሱም የሟች ሚስት መጣች ብለው አብረውኝ ጮሁ፤ ብሎኩ በሙሉ ተናወጠ። ደጄ ላይ ስደርስ አንዲት አጠር ያሉ ሴት ከኋላዬ ወገቤን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ካሳሁን ነው። ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ግማሽ ፊቱ የመላጫ አረፋ። እኔ ቤተ ክርስቲያን እያለሁ ደርሶ፣ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገብቶ፣ ሊታጠብ ነበር።

እትዬ እኔን እንዳቀፉ አዩትና «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያጥናችሁ። ለሟች ምኑ ነህ?» አሉት።

«ለየትኛው ሟች?»

«ለካሳሁን።»

«ካሳሁን እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ብቸኛዋ ጨረቃ ሊያፍነው ሞክሮ ያልቻለው ሳቅ ከታች ፈነዳ። እኔ በሁለት እጄ የካሳሁንን ደረት እየደበደብኩ «ምነው አትደውልም! ምነው አትደውልም!» እላለሁ። እትዬ ብቻ ናቸው መነጽራቸውን አድርገው ከእግር እስከ ራሱ ያዩት፤ መኖሩን ማጣራት አለባቸዋ።

ሰው እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ስነግረው ይስቃል። ካሳሁን ግን አልሳቀም። የዘገየው ኔትዎርክ በሌለበት በረሃ የተገለበጠ መኪና መንገድ ዘግቶበት ነው፤ የሞተውንም ሾፌር ያውቀዋል፣ አብረው ምሳ በልተው ያውቃሉ። ያንን አይቶ መጥቶ፣ በሩን ሲከፍት የገዛ ሚስቱ በስሙ ደረቷን ስትመታ አየ። እናቱም ወሬው ደረሳቸውና ደውለው «ልጄን በቁሙ ተዝካሩን ታወጪለታለሽ?» አሉኝ። ማታ ካሳሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰኒ፣ እኔ በሟርት አላምንም። ግን ጩኸትሽ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። መሪ ስይዝ እሱን እየሰማሁ መንዳት አልችልም። ሁለተኛ እንዳትጽፊ። ማይልኝ» አለ።

ማርያምን ብዬ ማልኩለት። ከግሩፑም ወጣሁ። ባሌን ነው ወይስ ግጥም? ሰው ይሄን ያስባል እንዴ? ግን እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ በማግስቱ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አንድ መስመር ወደ ራሴ መጣና ያባረርኩት ጊዜ፣ አንድ ነገር ከውስጤ እንደተቆረጠ ገባኝ።

ማክሰኞ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ከገርጂ መገናኛ በታክሲ፣ ከመገናኛ አያት በባቡር፣ ከዚያ በዚያ ጉልበት አራት ፎቅ። ለመናገር ትንፋሽ አልነበራቸውም፤ ውሃ ሰጠኋቸው። ካሳሁን ፊቱን አጥቁሮ ተነስቶ ተቀበላቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አሉት። «ሳላጣራ ጥሩምባ ያስነፋሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«ችግር የለም እትዬ።»

«ግጥሙን አንብበኸዋል?»

«የምን ማንበብ! የገዛ ሞቴን?»

እትዬ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «እኔ ባሌን ስቀብር ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ስንቱ ተነስቶ ስንት ነገር ተናገረለት! ደግነቱን፣ ቀልዱን፣ እኔ የማላውቀውን ሁሉ። እሱ ግን የለም። ምነው ይሄን ሰምቶ በሄደ እያልኩ ነው ያለቀስኩት። አንተ ደህና ቁጭ ብለህ መስማት ትችላለህ።»

«አይሆንም» አለ ካሳሁን። «ያቺ ግጥም እዚህ ቤት አትነሳም። እንዲያውም አጥፉልኝ።»

«ማጥፋት አልችልም። አንዴ ከተለጠፈ የእድሩ ነው። የሷንም ቦታ ለሌላ አልሰጥም፤ አባሌ ናት፣ ወጣች ብዬ አልተዋትም።» ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «አንድ ነገር ግን አለብን። በእኛ ሰፈር በስህተት የተለቀሰለት ሰው ካለ፣ እድሩ ሲመርቀው ይኖራል። ሕግ ነው። ስልክህን ስጠኝ» አሉት።

ሕግ ሲባል ካሳሁን እምቢ ማለት አልቻለም፤ ሰጣቸው። ደረጃ ድረስ ስሸኛቸው «እትዬ፣ እውነት እንዲህ ዓይነት ሕግ አለ?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

«አሁን አወጣሁት» አሉ፣ ግድግዳውን ይዘው እየወረዱ።

በሚቀጥለው ጉዞው ጠዋት፣ ገና ሞተር ሳያስነሳ፣ ስልኩ ላይ ድምፅ መዝነብ ጀመረ። እያንዳንዱ አባል የመንገድ ምርቃት በግጥም ጽፎ በራሱ ድምፅ ልኳል። ናቲ፣ ብቸኛዋ ጨረቃ፣ ያቺ እህቷ የሞተችባት ልጅ፣ ሁሉም። የእትዬ እንደተለመደው ከሁሉም የከፋ ነበር፦

ጎማህም አይፈንዳ፣ ፍሬንህ አይበጠስ፣
በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስ፣
ውሃም አፍልተህ ጠጣ፣ ሆድህ እንዳይታመስ።

ካሳሁን መጀመሪያ ተሳለቀባቸው። አዋሽን ሲያልፍ ግን ደግሞ ከፈተው፤ ሚሌ ላይ በዚያ ሙቀት ለረዳቱ አሰማው። ሲመለስ የእትዬን ግጥም በቃሉ ይዞት መጣ፤ ጥርሱን ሲፍቅ እንኳ «ሆድህ እንዳይታመስ» እያለ ያንጎራጉራል። በየጉዞው መጣለት። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለሁበትም፤ ጠይቄውም አላውቅም። እትዬም አልጎተጎቱትም፤ እየመጡ ይጠይቁን ነበር፣ ተቀምጠው ስለ ጎማ ዋጋ ያወሩታል፣ ስለ ግጥም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። እኔን ግን በር ላይ ሲስሙኝ ሁልጊዜ በጆሮዬ «ቦታሽ አለ» ይሉኛል። ስንቴ አለቀስኩ በዚህች ቃል!

ከዚያ ልባቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሁላችንም ተደናገጥን፤ ምርቃቱን የሚያስተባብር ጠፋ፣ አንዱ ሌላው ይልካል ብሎ ዝም አለ። ያን ቀን ለካሳሁን ስንቁን ይዤ አያት አደባባይ አካባቢ መኪናው የሚቆምበት ሄድኩ። ዘግይቼ ስለነበር ሄዷል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስደርስ ግን ሞተሩን አስነስቶ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ምነው አልሄድክም?»

«አልመጣም እኮ» አለኝ። ያ መሳለቁ የለም። «ያለሱ እንዴት እወጣለሁ?»

«እትዬ ታመዋል፣ ማን ይላክልህ?»

ስልኩን ከጭኑ አንስቶ አስቀመጠው። «አንቺ በይልኝ።»

«ማልኩልህ እኮ!»

«ያስማልኩሽ እኔ አይደለሁ? ፈታሁሽ። ማርያምን እኔ እለምናታለሁ። በይ እንጂ፣ ሰዓት ሄደብኝ!»

የመኪናውን መወጣጫ ብረት ረግጬ፣ በሩን ይዤ፣ ስንት ወር የዘጋሁትን አፌን ከፈትኩ። ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም፤ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ጥላው፣ ቶሎ ስለ መመለስ ነው። አለቅሳለሁም እናገራለሁም። «አሜን» ብሎ ማርሽ አስገባ። እኔም እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ ወደ ግሩፑ ተመለስኩና ያልኩትን የቻልኩትን ያህል ጽፌ ለጠፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ከሆስፒታል ድምፅ መጣ፤ «እህህም» የምትለዋ እንኳ በትንፋሽ የተቆራረጠች ናት። «አባሌ ተመልሳለች። ማን ደረሳት?... እንግዲያው እኔ ደርሻለሁ። ጥላህ ካንተ ቀድሞ ይግባ ያልሽው ላይ ቆሜያለሁ።» ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

ቀብራቸው ላይ የሰፈሩ እድር፣ የእኛም እድር ተሰበሰበ። እኛ በአካል በሙሉ የተገናኘነው ለሁለተኛ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያው የካሳሁን ለቅሶ ነበር። ካሳሁን ከጉዞው በዋዜማው ገብቶ ስለነበር ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየተነሳ ተናገረላቸው። አንዷ ልጇ ስትሞትባት እትዬ እንዴት አብረዋት እንዳደሩ፣ አንዱ ከእድሩ ሲባረር እንዴት እየጎተቱ እንደመለሱት። ብቸኛዋ ጨረቃ ተነስቶ ጢሙን በእንባ እያራሰ የፀሐይና የዝናቧን ግጥም በቃሉ አለ፤ ድንኳኑ እያለቀሰ ሳቀ። ካሳሁን አጠገቤ አቀርቅሮ ቁጭ ብሏል። «ይሄን ሁሉ አልሰሙም» አለኝ።

ዛሬ ግሩፑ ውስጥ ቅጣት የምጥለው እኔ ነኝ፤ እነ ናቲ መረጡኝ። ጨካኝ ናት ይሉኛል። ይበሉኛ! ቢጫ ፊት የለጠፈ ሁሉ አራት መስመሩን ይጽፋል፣ ልመና አልሰማም። ሰው የሆዱን አውጥቶ አስቀምጦ ደጁ ጭር ሲል ማየት አልፈልግም።

ግን የምነግራችሁ ይሄን ብቻ አይደለም። እትዬን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ካሳሁን ለጉዞ ተነሳ። ምርቃቶቹ መጥተውለታል፣ እኔም የራሴን ብያለሁ፤ ስንቁን አቀብዬው ልመለስ ስል ሞተሩን አጠፋው።

«ሰኒ፣ ያቺ ግጥም አለች?»

የትኛዋ ብዬ አልጠየቅሁም። «ለምን ፈለግሃት? አሁን ልትወጣ ነው እኮ፣ ስትመለስ ይሻላል።»

«አሁን ነው የምሰማት። ስመለስ አይደለም። አንብቢልኝ።»

ጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኬን ወደ ላይ ስስብ ስስብ፣ ያቺን ዓርብ አገኘኋት። ማንበብ ጀመርኩ፦

መኪናህ ቢመጣ ያላንተ ተጎትቶ፣
ደረጃ ማን ይውጣ በስሜ ተጣርቶ?
አሸዋው ከጫማህ እየተራገፈ፣
ቤቴን ያቆሸሸው ምነው ባላለፈ።
ተቆጥቼህ ነበር በጫማህ አቧራ፣
ዛሬ መጥረጊያዬ ቆሟል ያለ ሥራ።

ካሳሁን መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ያያል። ፈራሁት። ተሳሳትኩ፣ ሊወርድ ነው፣ ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ።

«ውሸት ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ጫማዬን በር ላይ ነው የማወልቀው።»

«አንድም ቀን አውልቀህ አታውቅም!»

ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና በክንዱ ፊቱን ጠረገ። ሞተሩን አስነሳ፤ ከኋላ ሌላ መኪና ጥሩምባ ይነፋበታል፣ እሱ ግን እጁን አውጥቶ ጠብቅ አለው።

«ይደገም» አለኝ።

ደገምኩለት።